የውስጥ ጠላት አነጋገር፦ ከ«ደስክ አምላኪ» እስከ «አሻጥረኛ»

የአንድ ዕቃ ዋጋ በጉንችሬ ገበያና በአዲስ አበባ መርካቶ እኩል ሆኖ አያውቅም። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አለ፤ በመንገዱም ላይ ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ የሾፌርና የረዳት አበል፣ የኬላ ቀረጥ፣ በክረምት የሚዘጋ መሻገሪያ፣ እየተንገላታ የሚበላሽ ጭነት አለ። ይህን የሚያውቀው የኢነሞር ገበሬ በዋጋው ልዩነት ቢያማርርም አይደነቅም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለዚሁ ልዩነት በየአደባባዩ የሚነገር ስም መጣለት፤ ይኸውም «አሻጥር» የሚል ነው። ስሙ ከመጣ በኋላ መንገዱም፣ ጎማውም፣ መሻገሪያውም ከንግግሩ ወጡ፤ የቀረው ነጋዴው ብቻ ሆነ።

የውስጥ ጠላት አነጋገር የሚባለው የፖለቲካ ንግግር ሥራው በአመዛኙ ይኸው ነው። አንድ ችግር ብዙ ምክንያት ሲኖረው ምክንያቶቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ የሰው ወገን ትከሻ ላይ ይጭናል። ያም ወገን ከድንበር ማዶ ያለ ሳይሆን በጎረቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በገበያ የሚገኝ ነው። የውጭ ጠላት ሰንደቅ ዓላማ አለው፤ መለያ ልብስም አለው። የውስጥ ጠላት ተብሎ የሚከሰሰው ሰው ግን እንደ ማንኛውም ሰው የሚለብስና የሚናገር በመሆኑ መለያውን የሚሰጠው ከሳሹ ነው። በመሆኑም ማስረጃ የሚባለው ነገር ከመነሻው ጀምሮ ችግር ላይ ይወድቃል።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1793 የወጣው የተጠርጣሪዎች ሕግ፣ በአድራጎታቸው ብቻ ሳይሆን በግንኙነታቸው፣ በንግግራቸውና በጽሑፋቸው የነፃነት ጠላት መስለው የታዩ ሰዎች ሁሉ እንዲታሠሩ ያዝዝ ነበር። በአማርኛ ጋዜጦች ዘንድ የታወቀው «አምስተኛ ረድፈኛ» የሚለው ቃልም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ከተነሣው የእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ጄኔራል ሞላ ማድሪድን አራት የጦር ረድፎች እንደከበቧትና አምስተኛው ረድፍ በከተማይቱ ውስጥ እንደሚገኝ ተናገረ ይባላል። ይህች ንግግር ለጄኔራሉ ወታደሮች ያስገኘችው ጥቅም አጠራጣሪ ነው፤ በማድሪድ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሌሊት ከቤቱ እየተወሰደ እንዲገደል ሰበብ ሆናለች።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ አነጋገር በጽሑፍ ተዘርዝሮ ከሚገኝባቸው ዘመናት አንዱ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ ብርቱ አስተዳዳሪና ደራሲ ነበሩ። በ1438 ዓ.ም. የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል ነሥተዋል፤ ስለዚህ እውነተኛ የውጭ ጠላት አልነበራቸውም ለማለት አይቻልም። ዜና መዋዕላቸው በስፋት የሚተርከው ግን በአገር ውስጥ ስለተካሄደው አደን ነው። ደስክንና ዲኖን ያመልካል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ይገደል ነበር። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁም ሰይጣንን የካደ መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት እንዲይዝ ታዘዘ። ከንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መካከል እንኳ በዚሁ ክስ ተገርፈው የሞቱ እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ ራሱ አልሸሸገም። የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳትም እንደዚሁ ተሳደዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኋለኛው አንባቢ ትምህርት የሚሆነው የንጉሡ ጭካኔ አይደለም፤ ጨካኝ ንጉሥ በየትኛውም አገር ሞልቷል። ትምህርት የሚሆነው የክሱ አሠራር ነው። ተከሳሹ አመለከ የተባለው በስውር ስለሆነ ምስክር ሊያቀርብ አይችልም፤ ያልተደረገ ነገርን ምስክር ቆጥሮ ማስረዳት አይቻልምና። ስለዚህ ጎረቤቱን የጠላ፣ ርስቱን የተመኘ፣ ሹመቱን የፈለገ ሰው የሚያስፈልገው ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ «ደስክ» እና «ዲኖ»። ንጉሡ ሞተው ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ ለእስረኞች ምሕረት ማድረጋቸው ይነገራል። ከዚያ በኋላ የእነዚያ ጣዖታት አምላኪዎች በድንገት መጥፋታቸው ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ነገሩ ግልጽ ነው፤ የጠፋው ጠያቂው ነው።

ከዚህ ክስ ይልቅ ዕድሜው የረዘመውና ለባለሙያዎች ማኅበር አንባቢ በቅርብ የሚነካው ሌላው የውስጥ ጠላት ዓይነት «ቡዳ» ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሠራው ሰው በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በዓይኑ ሰውን ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል ተብሎ ሲታማ ኖሯል። ማረሻውን ከእርሱ የሚገዛው ገበሬ፣ ጦሩንና ጎራዴውን ከእርሱ የሚያሠራው መኰንን፣ ልጁ በታመመ ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ወደ እርሱ ነበር። አገሪቱ ለዘመናት የብረት ሥራዋ ሳይሻሻል የቀረበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው ይህን ሐሜት ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ሊያልፍ አይገባም፤ ልጁ ቡዳ እንዳይባል የሚፈልግ አባት ሙያውን አያወርስም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሥራ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አስጠንቅቀዋል። አዋጁ ለዘመኑ እጅግ የላቀ ነበር፤ ሐሜቱን ግን አላጠፋውም።

በጉራጌ አገር የዚህ ሐሜት ተሸካሚ የሆነው ፉጋ ነው። የጉራጌን ትልቅ ክብ ቤት የሚያውቅ ሰው በመካከሉ የቆመው ምሰሶ የጣሪያውን ሸክም ሁሉ እንዴት እንደሚቀበል አስተውሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ምሰሶ ጠርቦ በማቆም የታወቁት የፉጋ እንጨት ሠሪዎች ናቸው። በዋቅና በደሟሟዊት ሥርዓት ውስጥም ያለ ፉጋ የማይፈጸም ክፍል ነበር። ሆኖም ፉጋ ርስት መሬት አይዝም፣ ከሌላው ጋር አይጋባም፣ በሸንጎም እኩል አይቀመጥም ነበር። ቤቱን ያለ እርሱ ለማቆም የማይችል ማኅበረሰብ በእርሱ ላይ ፍርሃት ማሳደሩ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን ፍርሃቱ ከዚያው ከጥገኝነቱ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሲባል በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ክርክር የሚፈታበት ሥርዓት አልነበረም ማለት አይደለም። የየጆካ ሸንጎ በቅጫ ሲፈርድ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ይናገራሉ፤ ሽማግሌዎች እየተመላለሱ ይሰማሉ፤ ነገሩ በምስክር ካልተለየ በጉርዳ፣ ማለትም በመሐላ ይለያል። ነፍስ የጠፋ እንደሆነ እንኳ ፍጻሜው በጉማ የሚደረግ ዕርቅ እንጂ ሌላ ነፍስ አይደለም። በትውፊት ስሟ የሚነሣው የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አሰልፋ የጋብቻውን ሥርዓት ለመቃወም የቀረበችው በዚሁ ሸንጎ ፊት ነው። ሥርዓቱን የተቃወመች ሴት በጠላትነት ተሰይማ ከመባረር ይልቅ ባለጉዳይ ሆና መቆሟ መታሰብ ያለበት ነገር ነው። ፉጋ ግን ከዚህ ክበብ ውጭ ቀርቷል። አንድ ሕዝብ ለወገኑ እጅግ የተጠነቀቀ የክርክር ሥርዓት እያለው በአጥሩ ውስጥ ለሚኖር ለሌላው ያንኑ ሊነፍግ መቻሉን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ፖለቲካ እንመለስ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖታቸውን ለወጡ የሚል ነበር። በእርግጥ ሃይማኖታቸውን ለውጠው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ሌጋሲዮኖች በወጣቱ መሪ አካሄድ ቅር መሰኘታቸው፣ የሸዋ መኳንንትም ቦታቸውን ማጣታቸው ግን አያከራክርም። የመኳንንቱ ቅሬታ ሠራዊት አያስነሣም፤ የሃይማኖቱ ክስ ግን ሕዝቡን ከመሐላው ፈታ። በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ የወደቀው የሰው ብዛት የዚያ ክስ ዋጋ ነው።

«ባንዳ» የሚለው ቃል ታሪክ ከዚህ ይለያል። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን በቅኝ ገዢው ሠራዊት ውስጥ ከአገሬው ተወላጆች ለተሰባሰበው ጦር የተሰጠ ተራ መጠሪያ ነበር። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሃዲ ማለት ሆነ፤ ትርጉሙም በዚያን ጊዜ በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ ከወራሪ ጋር ተሰልፎ ወገኑን የሚወጋ ሰው በዓይን ይታይ ነበርና። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ለጣልያን ያደሩ አንዳንድ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ፣ ዱር የከረሙ አንዳንድ አርበኞች ደግሞ በአመፅ ተከሰሱ። ስመ ጥሩው አርበኛ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲቀጣ አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይለ ሚካኤል በወረራው ዘመን ከጣልያን ጎን የተሰለፈ ነበር። አርበኛውና ባንዳው አብረው መሰቀላቸው ቃሉ ከነበረው ትርጉም ምን ያህል እንደተላቀቀ ያሳያል። ከዚያ በኋላ «ባንዳ» ማንም በማንም ላይ የሚወረውረው ቃል ሆኖ ቀርቷል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍም የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ የውግዘት ቃል በወረቀት ታትሞ ለሕዝብ ተበትኗል፤ የነገሩ መነሻ የነበረው የመሬትና የድህነት ጥያቄ ግን በዚያ ውግዘት መልስ አላገኘም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ደርግ ሥራውን የጀመረው «ያለ ምንም ደም» በሚል መፈክር ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ማለትም አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን የሚገኙባቸው ስልሳ ያህል ሰዎች ለፍርድ ሳይቀርቡ ተገደሉ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምም በቤታቸው ተከበው የሞቱት በዚያው ሌሊት ነው። በዚያው በኅዳር ወር ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ታውጆ ነበር፤ ማለት ሕጉ ቢኖርም በዚያች ሌሊት አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ጊዜ ከቃላቱ ለይቶ መረዳት ያስቸግራል። «አድኃሪ» ከግዕዝ ሥር የተቀዳ ሲሆን ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው፤ ሊቃውንት ያወጡት ጨዋ ቃል ነበር። «አናርኪስት» ከፈረንጅ መጣ። «አቆርቋዥ»፣ «ቀልባሽ»፣ «አድርባይ»፣ «ቅጥረኛ»፣ «አስገንጣይ» ከአማርኛው ጓዳ ወጡ። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምድ ይካሄድ የነበረው ክርክር በዚያ ትውልድ ከታየው ሁሉ የሚደነቅ ነበር፤ ስለ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት፣ ስለ ዴሞክራሲ ገደብ በሐሳብ ይሟገቱ ነበር። ሆኖም ክርክሩ እየቀጠለ ሲሄድ ሐሳቡ እየሳሳ ስሙ እየወፈረ መጣ። ለኢሕአፓ መኢሶን «ባንዳ» ሆነ፤ ለመኢሶን ኢሕአፓ «አናርኪስት» ሆነ፤ ሁለቱም መጽሐፋቸው አንድ፣ የተማሩበት ዩኒቨርሲቲም አንድ ነበር።

ጠላት የሚባል ነገር በጭራሽ አልነበረም ብሎ መጻፍ ከእውነት መሸሽ ይሆናል። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የመግደል ሙከራ ተደርጓል፤ ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የነበሩት ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ በዚያው ጊዜ ተገድለዋል። ኢዲዩ በሰሜን ምዕራብ በኩል ጦር አዝምቷል። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማልያ መደበኛ ሠራዊት ድንበር ጥሶ ገብቶ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ይዟል። የውስጥ ጠላት አነጋገር ኃይል የሚያገኘው ከባዶ ሜዳ አይደለም። ያገኘውን እውነተኛ ጠላት እንደ ናሙና ወስዶ ያልሆነውን ሁሉ በዚያ ናሙና ይለካል። ሽጉጥ የያዘው ገዳይና በራሪ ወረቀት የያዘው የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ በአንድ ስም ሲጠሩ ቅጣታቸውም አንድ ይሆናል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባብረዋል። ፈሳሹ የጠላት ደም ምሳሌ ነበር። ከዚያ ወራት በፊትና በኋላ የቤት ለቤት ፍተሻ ተካሂዷል፤ ለቀበሌዎች መሣሪያ ታድሏል፤ «ነፃ እርምጃ» የሚባል ነገር ተፈቅዷል። ይህ ሐረግ በአማርኛ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝን ሐረግ ነው። ነፃ የተባለው እርምጃው ሲሆን ነፃ የሆነውም ከማስረጃ፣ ከዳኛ፣ ከይግባኝ ነው። በቀይ ሽብር የሞተው ሰው ቁጥር ላይ ጸሐፊዎች ባይስማሙም በሺህ የሚቆጠር መሆኑን የሚጠራጠር የለም። የቀድሞ ባለሥልጣናቱ ክስ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሰጥ ከድርጊቱ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፎት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የከሳሾቹ ዕጣ ነው። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ጓደኞቻቸው በግቢው ውስጥ ተገደሉ፤ ክሱ ከኢሕአፓ ጋር መተባበር ነበር። በነሐሴ ወር መኢሶን፣ ማለትም «አናርኪስት» የሚለውን ቃል ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረው ድርጅት፣ ኅቡዕ ሲገባ ራሱ «ፈርጣጭ» ተባለ፤ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዘው ሕይወታቸው ጠፋ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተገደሉ። ቀጥሎ ተራው የወዝሊግና የማሌሪድ ሆነ። የጠላት ዝርዝር አንዴ ከተጀመረ በኋላ የሚያልቅበት ውስጣዊ ምክንያት የለውም፤ ያለቀው ስም ሳይሆን ድርጅት በመጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ መነሻው ቃል፣ ወደ «አሻጥር» መመለስ ይገባል፤ የመሐንዲሱን ደጃፍ የሚያንኳኳው ይህ ቃል ነውና። የቃሉ ጽንሰ ሐሳብ የበሰለው በሶቪየት ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በዶንባስ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ይሠሩ የነበሩ 53 መሐንዲሶችና ቴክኒሺያኖች፣ ጥቂት ጀርመኖች ጭምር፣ ማዕድኑን ሆን ብለው አበላሽተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ አምስቱ ተረሸኑ። ይህም የሻክቲ ክስ የሚባለው ነው። በማዕድኑ ውስጥ ውኃ መሙላቱ፣ ከውጭ የተገዛው መሣሪያ አለመስማማቱ፣ አደጋ መብዛቱ እውነት ነበር። ዕቅዱ ከአቅም በላይ ሲለጠጥ፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛ ባልለመደው መሣሪያ ላይ ሲሰማራ፣ ጥገና ለምርት ሲባል ሲዘለል እንዲህ መሆኑን ማንኛውም የማዕድን መሐንዲስ አስቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ አንዳንዶቹም ተናግረዋል። ታላላቅ ግንባታዎች ያለ በቂ ጥናት እንዳይጀመሩ ይከራከር የነበረው መሐንዲስ ፒዮትር ፓልቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1929 ተረሸነ። ማስጠንቀቂያው ራሱ የአሻጥር ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ።

የፕሮፌሰር ሊዮኒድ ራምዚን ታሪክ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1930 «የኢንዱስትሪ ፓርቲ» የተባለ ሥውር ድርጅት መርተሃል ተብሎ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ አሥር ዓመት እስራት ተለወጠ። ራምዚን የእንፋሎት ማሞቂያ ባለሙያ ነበር። እስረኛ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ ውኃው በቧንቧ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበትን ማሞቂያ ፈለሰፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው። ያው መንግሥት ያንኑ ሰው የአገር ጠላትና የአገር ጌጥ አድርጎታል፤ በመካከሉ የተለወጠው የማሞቂያው ሳይንስ አልነበረም።

በኢትዮጵያ በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ከ70 በላይ ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች የመንግሥት ሲሆኑ ተመሳሳይ ሁኔታ ተፈጠረ። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጆች ሄዱ፤ ከአምራቹ ጋር የነበረው የመለዋወጫ ውል ተቋረጠ፤ የውጭ ምንዛሪ ለጦር መሣሪያ ዋለ። አንድ የጨርቃ ጨርቅ መኪና ከጣልያን ወይም ከጃፓን የሚመጣ አንዲት ጥርስ አጥቶ ሲቆም ምክንያቱ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ሆኖም በስብሰባ ላይ «መለዋወጫ የለም» ብሎ መናገር መንግሥትን መክሰስ ስለሚመስል ሰው ዝም ማለትን መረጠ፤ ዝምታው ደግሞ አሻጥር መሰለ። የውስጥ ጠላት አነጋገር በቴክኒክ ሥራ ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት የተገደለው ሰው ብቻ አይደለም። ብልሽትን በወቅቱ የሚናገር ሰው መጥፋቱም ነው። ብልሽቱ ያልተነገረለት መኪና ተሰብሮ እስኪቆም ይሠራል።

የጉራጌ ነጋዴም በዚያው ዘመን ይህ ቃል ደርሶታል። አገሩ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ ጉራጌ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ በቁፋሮ፣ በሸክም፣ በሊስትሮ ሠርቷል፤ ከጣልያን መውጣት በኋላ በመርካቶ የዓረቡንና የሕንዱን ሱቅ እየተረከበ፣ በዕቁብ እየተረዳዳ ነጋዴ ሆነ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የጅምላ ነጋዴ ካፒታል ከ300,000፣ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተደነገገ። በዚያው ዓመት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ገበሬው ከምርቱ ኮታ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ፣ ነጋዴውም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ እንዲያካፍል ተገደደ። እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። እህል ደበቁ ተብለው በሞት የተቀጡ ነጋዴዎች ነበሩ።

«ደበቀ» የሚለው ቃል በኢነሞር ምድር ሲሰማ ለጆሮ እንግዳ መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ ያስፈልጋል። ቆጮ ተፍቆ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ በጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። በጓሮዋ ብዙ ጉድጓድ ያላት እናት በመንደሩ የተከበረች ናት፤ በክፉ ቀን ጎረቤት የሚበደረው ከእርሷ ነውና። ምግብን ከገበያና ከዓይን አርቆ ማከማቸት በዚያ አገር የጥንቃቄ ምልክት ነው። ይኸው ጥንቃቄ ወልቂጤ ላይ በነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሲገኝ ወንጀል ሆነ። እርግጥ ነው፣ ዋጋ እስኪንር እህል የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሁልጊዜም አለ፤ በሕግ ሊጠየቅም ይችላል። ነገር ግን የቆላው እህል ወደ ደጋው፣ የመኸሩ እህል ወደ ክረምቱ የሚሻገረው በመጋዘን ነው። ኬላው መሻገሩን ሲከለክል የተረፈው አካባቢ ዋጋ ወደቀ፣ የጎደለው አካባቢ ዋጋ ተሰቀለ፤ የተሰቀለውም ዋጋ ለአሻጥሩ አዲስ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን አውጆ የእህል ንግዱን ሲለቅ ኬላዎቹ ተነሡ፤ እህሉም መንቀሳቀስ ጀመረ። ነጋዴዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ጠባያቸውን ለውጠዋል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ያስረዳ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መዝገበ ቃላቱ ተቀየረ። «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ፀረ ሰላም»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» መጡ። የመጨረሻው ከኢኮኖሚ ሳይንስ የተወሰደ ሲሆን በመማሪያ መጻሕፍት የሚገልጸው ድርጊትን ነው፤ በስብሰባ ግን ሰው ሆነ፤ የሰፈር ሱቅ ባለቤትም፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም፣ የተገመገመ መሐንዲስም በእኩል ሊጠራበት ቻለ። የፀረ ሽብር አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ በመካከሉ ጋዜጠኞችና የተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች ታስረውበታል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በ2013 ዓ.ም. በሽብርተኝነት ሰይሞ፣ ከፕሪቶሪያው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ስያሜውን አነሣ። በሁለቱ ድምፅ አሰጣጦች መካከል ሁለት ዓመት አልሞላም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ስሙ ከድርጅቱ አልፎ ቋንቋውን በሚናገር ተራ ሰው ላይ መዋሉን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ነጋዴውስ? በ2003 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ሲያይል መንግሥት ከደርዘን በሚበልጡ የፍጆታ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተመነ፤ ምክንያቱም የስግብግብ ነጋዴዎች ድርጊት ነው ተባለ። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ ከዶላር አንጻር በአንድ ጊዜ ሃያ በመቶ ያህል እንዲቀንስ ተደርጎ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በመድረኩ ላይ እምብዛም አልተሰማም። ሥጋው፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ሰልፍ ተያዘ። ከወራት በኋላ ተመኑ ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ። «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው ሐረግ ግን ከዚያ በኋላም የዋጋ ንረት በተነሣ ቁጥር በየዜናው ሲነገር ቆይቷል።